ወርቃማው ዘንዶ ሲያድግ ወርቁ ወዴት ይሄዳል?

ዘንዶ ሲባል ለአበሻ ጆሮ ደስ የሚል ስም አይደለም። በአክሱም አፈ ታሪክ ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረው አርዌ ዘንዶ ነበር ይባላል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከፈረሱ እግር ሥር በጦር ተወግቶ የተጋደመውም ያው ዘንዶ ነው። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው ዘንዶ በመልካም ሥራው ይነሣል፤ እንደ እርሱ የተመሰገነ ሌላ ዘንዶ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ትውፊት ውስጥ ያደገ ወላጅ፣ አሜሪካን አገር የተወለደ ልጁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ዘንዶ ግዙልኝ» ቢለው ቢያማትብ አይፈረድበትም።

ልጁ የሚለው ዘንዶ ግን በቆላ ወንዝ ዳር የሚያደባውን ቡናማውን የአፍሪቃ ዘንዶ አይደለም። እርሱ ያየው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተጠቀለለ፣ መደቡ እንደ ወተት የነጣ፣ ጀርባው ላይ የብርቱካን ቀለም የፈሰሰበት፣ ዓይኑ ቀይ የሆነ ጌጥ መሳይ ፍጥረት ነው። አልቢኖ ፓይተን ይሉታል። በዚህ እንስሳ ዙሪያ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ትልቅ ገበያ ተፈጥሯል። አንዳንዱ ቤቱን ያቆመበት፣ አንዳንዱም ያጠራቀመውን ያጣበት ንግድ ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ከታይላንድ የተገኘ አንድ አልቢኖ የበርማ ዘንዶ ወደ አሜሪካ ገባ። ኦክላሆማ ሲቲ የሚኖሩት ሚስተር ቦብ ክላርክ የተባሉ አርቢ ከዚህ ዘር አልቢኖዎችን በቤታቸው ለማራባት በቁ። ቀጥለው ደግሞ ወደ ምዕራብ አፍሪቃው ትንሽ ዘንዶ ዞሩ። ይህ እንስሳ ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል አሜሪካኖች «ቦል ፓይተን» ይሉታል፤ አውሮፓውያን ደግሞ «ሮያል ፓይተን» ብለው ንጉሣዊ ማዕርግ ሰጥተውታል። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በብዛት ለገበያ የሚላክ ሲሆን፣ በዚያው በቤኒን ዊዳ ከተማ ግን ቤተ መቅደስ ቆሞለት በክብር ይኖራል። በቤት የተራቡት የመጀመሪያዎቹ አልቢኖ ቦል ፓይተኖች በ1992 በሚስተር ክላርክ እጅ ተፈለፈሉ፤ አንዱ ጫጩት እስከ 7,500 ዶላር ተሸጠ ይባላል። በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ደህና መኪና ይገዛ ነበር። ዛሬ ያው እንስሳ በጥቂት መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይገኛል። እባብ እንደ ወርቅ አይደለም፤ ይራባልና።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። አልቢኖ ማለት ነጭ ማለት ይመስላል፤ ዘንዶው ግን ቢጫ ነው። ምክንያቱም የእባብ ቆዳ ቀለሙን የሚያገኘው ከአንድ ዓይነት ሴል ብቻ አይደለም። አንደኛው ዓይነት ጥቁሩንና ቡናማውን ቀለም፣ ማለትም ሜላኒንን ይሠራል። ሁለተኛው ቢጫውንና ቀዩን ይይዛል። ሦስተኛው ራሱ ቀለም የለውም፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን እያንጸባረቁ ነጩን ይሰጣሉ። አልቢኖው የጎደለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጥቁሩ መጋረጃ ሲነሣ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ወደ አደባባይ ይወጣል። ሰውና አይጥ ቢጫና ቀይ የሚይዙት እነዚያ ሌሎች ሴሎች ስለሌሏቸው አልቢኖ ሲሆኑ ነጣ ይላሉ፤ ዘንዶው ግን ያምራል።

ማራባቱ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። አልቢኖነት በሁለቱም ወላጆች በኩል ካልመጣ አይገለጥም። አንድ አልቢኖ ወንድ ከተራ ሴት ጋር ቢገናኝ የሚፈለፈሉት ሁሉ መልካቸው ተራ ቡናማ ይሆናል፤ የአባታቸውን ዘር ግን በውስጣቸው ተሸክመዋል። አርቢዎቹ እነዚህን «ሄት» ይሏቸዋል። ሴቲቱ ለመውለድ እስክትደርስ እንግዲህ ሦስት ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ከአራት እንቁላል አንዱ አልቢኖ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ይታሰባል እንጂ ቃል አይገባም። ቦል ፓይተን የምትጥለው ስድስት ያህል እንቁላል ነው፤ ከስድስቱ አንድም አልቢኖ የማይወጣበት ዕድል ከመቶ 18 ገደማ ይደርሳል። ሦስት ዓመት መግቦ፣ አሙቆ፣ ጠብቆ ስድስት ተራ እባብ የታቀፈ ሰው ብዙ ነው።

ከዚህ ላይ የንግዱ አንድ ጥበብ ይመጣል። ከእነዚያ ተራ ከሚመስሉት ወንድምና እኅቶች መካከል ከሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን በዓይን አይለይም። ስለዚህ «66 በመቶ ተሸካሚ» ተብለው ይሸጣሉ። ገዢው የሚገዛው እባብ ሳይሆን የሎተሪ ትኬት ነው ቢባል አያሳፍርም።

ሌላም ብዙዎችን ያስደነገጠ ነገር ነበር። አልቢኖ ሁሉ አንድ ዘር መስሏቸው ቢጫውን አልቢኖ «ላቬንደር» ከሚባለው ሐምራዊ መደብ ካለው አልቢኖ ጋር ያገናኙ አርቢዎች፣ ከሁለት ቀይ ዓይን ወላጆች ጥቁር ዓይን ያላቸው ተራ ቡናማ ጫጩቶች ወጡባቸው። ማጭበርበር የለበትም። የሁለቱ ጉድለት በተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞላለትና ልጆቹ ሙሉ ሆነው ተወለዱ። ሁለት የተበላሹ መኪናዎች ካሉ፣ የአንዱ ጉድለት ሞተሩ የሌላውም ጎማው ከሆነ፣ ከሁለቱ አንድ የሚሄድ መኪና እንደሚገጣጠም ማለት ነው።

ወደ እንቁላሉ እንመለስ። ዘንዶ እንቁላሏን ጥላ የምትሄድ እናት አይደለችም። ክምሩን ተጠምጥማበት ራሷን ከላይ አድርጋ ትተኛለች። የበርማዋ ዘንዶማ ከዚህም ታልፋለች፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ትፈጥራለች። ቀዝቃዛ ደም አለው ከሚባል ፍጡር ይህ ይጠበቃል? በዚያ ጊዜ ምግብ አትቀምስም። አርቢዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉን ወስደው በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ እርጥብ ቨርሚኩላይት ላይ ያስቀምጡታል፤ ሙቀቱን ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርጉና ሁለት ወር ያህል ይጠብቃሉ። እንቁላሉ እንደ ዶሮ አይገለበጥም፤ በተጣለበት ገጽ መቆየት አለበት። ቴርሞስታቱ አንድ ሌሊት ቢሳሳት የዓመቱ ልፋት ሁሉ ይጠፋል፤ በዚህ የተነሣ ሌሊት ተነሥተው ባትሪ ይዘው ሣጥኑን የሚያዩ ሰዎች መኖራቸው አያስገርምም። ቀኑ ሲደርስ ጫጩቱ አፉ ላይ ባለች ትንሽ ጥርስ ልጡን ይተለትለውና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ አንድ ሁለት ቀን እዚያው ይቆያል። አርቢው መልኩን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። በቀዳዳው በኩል ቀይ ዓይን ካየ የዚያን ቀን ሥራ መሥራት ያቅተዋል።

የመጀመሪያው ቆዳ የሚወድቀው ከተፈለፈለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እባብ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ይጭራል፣ ሰውነቱም ይደበዝዛል፤ በወደቀ ማግሥት ግን እንደ ታጠበ መስታወት ያበራል። የበርማው አልቢኖ በዚህ ሰዓት ከዕድሜው ሁሉ የደመቀ ነው። ነጩ ንጹሕ ነው፤ በላዩ ያሉት ትልልቅ ጠቃጠቆዎች እንደ በሰለ ብርቱካን ናቸው፤ ወሰናቸውም በብዕር የተሠመረ ይመስላል። ለሽያጭ የሚቀርበው ፎቶግራፍ ሁሉ የዚህ ሳምንት ፎቶግራፍ ነው።

ቀጥሎ የሚሆነው ቀስ ብሎ ነውና በየቀኑ የሚያየው ባለቤት ልብ አይለውም። ቆዳ በተለወጠ ቁጥር ብርቱካኑ ትንሽ ይቀንሳል። ዓመት ሲሞላው ጠቃጠቆው ብርቱካን መሆኑ ቀርቶ ወደ ቢጫ ያደላል። ነጩም ነጭ ሆኖ አይቆይም፤ መጀመሪያ እንደ ቅቤ፣ በኋላም እንደ ሎሚ ልጣጭ ይሆናል። ሁለቱ ቀለሞች አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ ይቀራረባሉ፤ ወሰኑም ይደበዝዛል። ሦስትና አራት ሜትር የደረሰ አልቢኖ የበርማ ዘንዶ ራቅ ብሎ ለሚያየው አንድ ወጥ ቢጫ መስሎ፣ ጠቃጠቆው ቀረብ ሲሉ ብቻ የሚለይ ይሆናል። በቦል ፓይተንም ዘንድ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ቢጫው ይሳሳል፣ ነጩ ወደ ክሬም ይሄዳል። ይሁንና ሁሉም እኩል አይገረጣም። ከአንድ እናት፣ ከአንድ ሣጥን፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች በአምስት ዓመታቸው አንዱ ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ይገኛሉ። ይህን የተረዱ አርቢዎች ሲያድጉም የሚደምቁትን እየመረጡ ለይተው በማራባት «ሃይ ኮንትራስት» የሚሉትን ዘር አውጥተዋል።

ተራው ዘንዶም ሲያድግ ቆዳው ይለወጣል፤ ለውጡ ከጥቁሩ ሥር ስለሆነ ግን አይታይም። አልቢኖው መሸፈኛ የለውም፤ ዕድሜው በላዩ ላይ ይነበባል። በዚህ በኩል ከእርሱ የሚብሰው የኒው ጊኒው አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ ብቻ ነው። እርሱ ሲፈለፈል ቢጫ ወይም የሸክላ ቀይ ሆኖ ነው፤ አብዛኛውም ዓመት ሳይሞላው ወይም ዓመት ገደማ ሲሆነው አረንጓዴ ይሆናል። ያ ግን ለኑሮው የተሠራ ለውጥ ነው፤ ትንሹ ከሣርና ከቁጥቋጦ አጠገብ፣ ትልቁ ከቅጠል መሀል ይደበቅበታል። ቢጫ ቀለም የጎደላቸውና «አክዛንቲክ» የሚባሉት ቦል ፓይተኖች ደግሞ ጥቁርና ብር መስለው ተወልደው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሲያረጁ ቡናማ ይሆናሉ። ብር ብሎ የከፈለ ሰው ቡናማ ታቅፎ ይቀራል።

የአርቢው ጭንቀትም እዚህ ላይ ነው። ጫጩቱ ዋጋ የሚያወጣው በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሆን ነው። ከሃያ ጫጩቶች መካከል ለዘር የሚያስቀረውን አንድ ወይም ሁለት መምረጥ ያለበትም በዚያው ሳምንት ነው። የትኛው ሲያድግ እንደሚደምቅ ግን ገና አልታየም። በጣም የሚያምረውን አስቀርቶ በሦስት ዓመቱ ሲገረጣበት፣ ደብዛዛ ነው ብሎ ርካሽ የሸጠው በገዢው ቤት እንደ መስቀል ወፍ ደምቆ ሲገኝ ማየት የዚህ ሥራ የተለመደ ቁጭት ነው። ሁሉንም እስከ ሦስት ዓመት ላቆይ ቢል ደግሞ የአይጡ ወጪ ከዋጋው ይበልጣል። እዚህ ላይ ጨዋ ነጋዴና አጭበርባሪ ይለያሉ። ጨዋው የጫጩቱን ወላጆች አውጥቶ «ሲያድግ ይህን ይመስላል» ይላል። ሌላው የጫጩቱን ፎቶግራፍ በመብራት አድምቆ ይልካል። ቀለሙ የሚገረጣው በምግብ ጉድለት ነው እያሉ ቫይታሚን የሚሸጡም አይጠፉም።

በ2022 ሚሺጋን ውስጥ የሚገኘው የኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቦል ፓይተኖችን ቀለም በጂን መረመሩ። እባቦቹን መውጋት አላስፈለገም፤ ባለቤቶቻቸው የወደቀውን ቆዳ በፖስታ ላኩላቸው። የተራው አልቢኖ ጉድለት ቲዋይአር በሚባለው ጂን፣ የላቬንደሩ ደግሞ ኦሲኤ2 በሚባለው ላይ ተገኘ። እነዚህ ስሞች ለሰው ሐኪም እንግዳ አይደሉም። እነዚያው ሁለቱ ጂኖች በሰው ልጅ ላይም አልቢኒዝም ያመጣሉ፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ በብዛት የሚታየውም የኦሲኤ2 ነው። ቲዋይአር ጂናቸው ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በከፊል የሚሠራ ሰዎችም አሉ፤ ፀጉራቸው ሲወለዱ ነጭ ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ ወርቃማ ይሆናል። እባቡ ዕድሜ ሲጨምር ቀለም ያጣል፣ እነርሱ ያገኛሉ።

ነገሩን የሚያሳዝነው ሌላው ገጽ ነው። አንዲት ትንሽ የፊደል ስሕተት በእባብ ላይ ስትገኝ ሰባት ሺህ ዶላር አወጣች። በአገር ቤት በሰው ልጅ ላይ ስትገኝ ግን እናቲቱን በሐሜት፣ ልጁን በስም አወጣጥ ታስጨንቃለች፤ ከለምጽ ጋር የሚያምታታም ብዙ ነው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለዓይኑ መነጽርና በክፍሉ የፊት ወንበር ነው፤ ሜላኒን የሌለው ቆዳ በደጋ ፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፣ ለቆዳ ካንሰርም ይጋለጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጁን 13ን የአልቢኒዝም ግንዛቤ ቀን ብሎ ከ2015 ጀምሮ ያከብረዋል። ከአገር ቤት ዘመድ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕፃን ያለው ሰው በሻንጣው ከሚወስደው ጫማ ይልቅ አምስት ጠርሙስ የፀሐይ ቅባት ቢወስድለት የበለጠ ይጠቅመዋል።

«ግዙልኝ» ላለው ልጅ መልስ መስጠት ግድ ነው። የበርማው ዘንዶ ለአፓርታማ አይሆንም፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ሲፈለፈል ሃምሳ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው በአንድ ዓመት ሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ሴቲቱ ስታድግ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ትሆናለች፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣት አይደለችም። የደከማቸው ባለቤቶች የለቀቁትና ያመለጠው ተራብቶ ደቡብ ፍሎሪዳን ወርሶታል። በ2012 የታተመ ጥናት በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ዘንዶው ከገባ ወዲህ በመንገድ ላይ የሚታዩት ራኩኖች ከመቶ 99 እጅ እንደቀነሱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት የበርማውን ዘንዶ ጎጂ ብሎ መዘገበው፤ ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ማጓጓዝም ተከልክሎ ነበር፤ በዋናው አሜሪካ ምድር ውስጥ ያለውን ክልከላ ግን ፍርድ ቤት በ2017 አነሣው። ፍሎሪዳ ራሷ ለቤት እንስሳነት መያዙን ከልክላለች። ሌሎች ክፍላተ ሀገርና ከተሞች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የቤት ኪራይ ውሉ ደግሞ ከሁሉ በፊት መነበብ አለበት።

ቦል ፓይተን ሌላ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም፣ ጠባዩም ዝግ ያለ ነው። ነገር ግን ዕድሜው ረጅም መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት የኖረች አንዲት ቦል ፓይተን በ1961 የገባች ስትሆን፣ በ2020 ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗት ሰባት እንቁላል ጥላለች፤ ያውም ለብዙ ዓመታት ወንድ ሳታይ። የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ የሚያስገዛው እባብ ልጁ ኮሌጅ ገብቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶም በእናቱ ቤት አይጥ ሲጠብቅ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚገዛ ካለ፣ ሻጩን የሚጠይቀው ይህን ነው። የአባትና የእናቱን የአሁን ፎቶግራፍ፣ በቀን ብርሃን የተነሣ፤ በቤት የተራባ መሆኑን እንጂ ከአፍሪቃ ጫካ ተይዞ የመጣ አለመሆኑን፤ ቀልጦ የቀረበ የሞተ አይጥ መብላት መልመዱን። «ካራሜል አልቢኖ» ከተባለም ከአንገቱ እስከ ጅራቱ በጣት ይዳሰስ፤ በዚህ ዘር የአከርካሪ መቆልመም ይታያልና። የአልቢኖ ዓይን ብርሃን ስለማይችል ሣጥኑ ከመስኮት ይራቅ፣ መደበቂያም ይኑረው። አይጡን የሚያቀዘቅዙበት ማቀዝቀዣ ደግሞ እንጀራ ከሚቀመጥበት የተለየ ይሁን።